የተሰረዘው ሞዴል 19

ፍኖተ ሰላም አካባቢ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ንብረት ክፍል ነበርሁ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ በቆሎው ዩሪያ የሚፈልግበት፣ ጤፍ የሚዘራበት። ማዳበሪያ ከዘገየ የገበሬው ዓመት አብሮ ስለሚሄድ መጋዘኑ በር ላይ ላስቲክ ለብሶ የሚያድር ሰው አይጠፋም።

ሐምሌ 18 ማምሻውን 200 ኩንታል ዩሪያ የጫነ መኪና ገባ። ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነውና 400 መሆን አለበት። ዝናቡ ይወርዳል፤ አውራጆቹ ይሮጣሉ፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ በጠመኔ ግድግዳው ላይ አምስት አምስት እያሰርሁ እቆጥራለሁ። 340 ላይ መኪናው ባዶ ሆነ።

«ሌላውስ?» ስል አለቃዬ ክንዴን ይዞ ወደ ቢሮ አስገባኝ።

«400 ብለህ ተረከብ። ስልሳው ዝናብ መታው ብለን እናወራርደዋለን።»

ዩሪያ እርጥበት ሲነካው እንደ ጨው እንደሚሟሟ የማያውቅ የለም፤ ሰበቡ ደህና ሰበብ ነበር። ለእኔ የታሰበው የአራት ወር ደሞዜን ያህላል። ዝም ስል፣ «ነገ ገብርኤል አይደል? ከዚያው ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ትሰጣለህ» አለኝ። (ፈተና ቆርቆሮ ተሸክሞ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።) ይህም አልይዝ ሲለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ኮንትራትህ መስከረም ላይ ያልቃል። ንብረት ጎደለ ከተባለ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው? ዋስህ አጎትህ ናቸው አሉ» አለ።

ሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ስለ ዮሴፍ ሳስተምር ልብሱን ጥሎ መሸሹ ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር። ዮሴፍ ግን ዋስ አልነበረውም። ንብረት ገቢ የሚደረግበትን ደረሰኝ፣ ሞዴል 19ኙን ሳብሁ፤ ካርቦኑን አስተካከልሁ፤ ብዛት በሚለው ሥር «4» ብዬ ጻፍሁ። ቀጥሎ ያሉት ሁለት ዜሮዎች አልወጣ አሉኝ። እምቢ ግን አላልሁም። ያለኝን ወኔ ሁሉ አሟጥጬ ያወጣሁት ቃል፣ «ነገ ጠዋት ልጨርሰው» የሚል ብቻ ነበር።

ሌሊቱን ማኅሌት ቆምሁ። ድርሳኑ ሲነበብ ቂርቆስና ኢየሉጣ የፈላው ጋን ፊት ቆመዋል፤ የውሃው ድምፅ እንደ ነጎድጓድ ነው። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ጆሮዬ የሚይዘው የሦስት ዓመቱን ልጅ ድፍረት ነበር። ያን ሌሊት ግን የያዝሁት የእናቲቱን ፍርሃት ነው። ለካ ኢየሉጣም ፈርታለች። ወደኋላ ብላለች። ልጇ ነው አይዞሽ ያላት። የምናከብራት ቅድስት ጉልበቷ ከከዳት፣ የእኔ መንቀጥቀጥ ብቻውን ክህደት እንዳልሆነ ገባኝ። ክህደቱ ገና ያልጻፍኋቸው ሁለት ዜሮዎች ነበሩ።

ከቅዳሴ ወጥቼ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ወደ መጋዘን ሄድሁ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አይሠራምና የትናንቱን ቅጠል ከነኮፒው ሁለት መስመር አስምሬ «ተሰርዟል» ብዬ ጻፍሁበት። በሚቀጥለው ላይ በቁጥርም በፊደልም 340፣ ሦስት መቶ አርባ። አለቃዬ አየው፤ አጠፈው፤ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ሹፌሩ ኮፒውን ይዞ ሄደ። ስልሳው ከረጢት የት እንደገባ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ እስከዚያ ድረስ አልደፈርሁም።

መስከረም ላይ ኮንትራቴ አልታደሰም። አጎቴ ሲሰሙ፣ «የእኔን ዋስትና ማን ነካው?» ብለው ሳቁ፤ እኔ ግን እስከ ጥር ሥራ ፈትቼ ከርሜያለሁ።

ንብረት ሳስረክብ ኦዲተሩ ጥራዙን እየገለጠ ደረሰበት። ጣቱን ብቻዋን በቀረችው «4» ላይ አድርጎ ቀና አለ።

«ይህ ለምን ተሰረዘ?»

«ፈርቼ ነበር» አልሁት።

መልሱ ያልገባው መሰለኝ። የተሰረዘ፣ አንድ ቅጠል፣ ብሎ መዘገበና ገለጠው።