ትንሽ የኮምፕላያንስ አማካሪ ድርጅት ውስጥ እንዴት እንዳደግኩ

አካውንቲንግ ጨርሰው ስራ የሚፈልጉ ልጆች "ባንክ ልግባ ወይስ እንዳንቺ አማካሪ ድርጅት?" እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔ ደግሞ ባጭሩ መመለስ አልችልበትም፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የምሰራው ሃያ ሁለት አካባቢ ያለ፣ ሰራተኞቹ ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ የማይሞሉ ድርጅት ውስጥ ነው። ስራችን ኮምፕላያንስ ነው፣ ማለትም የገንዘብ ተቋማት ሕግና መመሪያ እንዲያከብሩ ማገዝ። ክላየንቶቻችን ማይክሮፋይናንሶችና ኢንሹራንሶች ናቸው፣ አሁን አሁን የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎችም መጥተዋል። የፀረ ገንዘብ እጥበት (የወንጀል ገንዘብ ሕጋዊ መስሎ እንዳይገባ መከላከያ) ፖሊሲ እንጽፋለን፣ የሪስክ ግምገማ እንሰራለን፣ ሰራተኛ እናሰለጥናለን፣ የደንበኛ ፋይል እንፈትሻለን። ስገባ ደሞዜ ባንክ ከጀመሩት ጓደኞቼ ያነሰ ነበር። እናቴ ደግሞ የራሷ ችግር ነበረባት፣ የጎረቤት ልጅ "ባንክ ነው የምትሰራው" ተብሎ ያልቃል፣ የኔን ምን ብላ ታስረዳ?

ግን ዝም ብዬ አልገባሁም። ኢትዮጵያ የካቲት 2009 ላይ ኤፍኤቲኤፍ (የገንዘብ እጥበት መከላከልን የሚከታተል ዓለም አቀፍ አካል) ግሬይ ሊስት ውስጥ፣ ማለትም ክፍተት አለባቸው ተብለው ክትትል የሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ጥቅምት 2012 ነው የወጣችው። የገንዘብ እጥበት አዋጁ፣ 780/2005፣ ከወጣ ቆይቶ ነበር፣ ግን በኔ እይታ ብዙ ተቋም ነገሩን የምር የያዘው ከሊስቱ በኋላ ነው። ትልቅ ባንክ የራሱ ክፍል አለው፣ ትንሽ ማይክሮፋይናንስ ጋር ግን አንዱ ሰውዬ የኮምፕላያንስ ኃላፊም ነው፣ ነገረ ፈጅም ነው፣ አንዳንዴ ብድር ኮሚቴም ይገባል። እንዲህ አይነት ቤት አማካሪ መፈለጉ አይቀርም ብዬ ነው።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ማንም የማይፈልገው ስራ ነበር፣ ቅርንጫፍ እየዞሩ ፋይል ማየት። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር ሰው በእጁ የያዘውን ይዞ ሂሳብ ለመክፈት ተሰልፎ ነበር፣ ሶስት ወር ብቻ ነው የተሰጠው፣ እና የዛን ሰሞን የተከፈቱ ፋይሎች ምን እንደሚመስሉ መገመት ነው። ቅጹ ላይ ሙያ ይላል፣ "ነጋዴ"። የገንዘብ ምንጭ ይላል፣ "ንግድ"። ገጹን ትገልጣለህ፣ ቀጣዩም ነጋዴ፣ ንግድ። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጠውም፣ መርካቶ ጨርቅ በጅምላ የሚያራግፈውም አንድ ቃል ናቸው፣ ሪስካቸው ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሪፖርት ላይ "የደንበኛ መረጃ የተሟላ አይደለም" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ ሁሉም የሚጽፈው እሱን ነው፣ እኔ ግን የቅርንጫፍ ልጆቹን ቁጭ አድርጌ ስጠይቃቸው ቅጹ ለመልሱ የሰጠው ቦታ የጣት ስፋት አይሞላም፣ ከኋላ ደግሞ ሰልፉ ይጮሃል፣ ምን ይጻፉ? ስለዚህ ከግኝቱ ጋር አዲስ ቅጽ ሰርቼ አያያዝኩ፣ ምን አይነት ንግድ፣ የት፣ በወር በግምት ስንት ይገባል፣ ጥሬ ነው ወይስ በትራንስፈር፣ አብዛኛው ራይት ብቻ የሚደረግበት። ክላየንቱ ቅጹን ወሰደው፣ እኛንም ለሚቀጥለው ዓመት አስቀጠለን።

ሁለተኛው ስራዬ የደንበኛ ስም ጉዳይ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የማዕቀብ ሊስት ስክሪኒንግ፣ ማለትም የደንበኛን ስም ማዕቀብ ከተጣለባቸው ሰዎች ዝርዝር ጋር ማመሳከር፣ የሚሰራው በላቲን ፊደል ነው። መሐመድን በስንት አይነት መጻፍ እንደሚቻል አስቡት። ገብረመድህን አንድ ቦታ አንድ ቃል ነው፣ ሌላ ቦታ ለሁለት ተከፍሏል፣ ፀሐይን አንዱ በቲ ይጀምረዋል ሌላው በኤስ። ከዛ ሶፍትዌሩ "የቤተሰብ ስም" ሲል የኛ ሰው የአባቱን ስም ያስገባል፣ አያት ይቀራል፣ በራስና በአባት ስም ብቻ ደግሞ አገር ሙሉ ሰው ይመሳሰላል። ውጤቱ ምንድነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀይ መብራት፣ ሰራተኛውም ይሰለቸውና ሳያይ ማለፍ ይጀምራል፣ አደጋው እሱ ነው። እኔ በኤክሴል የተለመዱ ስሞችን ከነአጻጻፋቸው ሰብስቤ፣ አያት ስምና የትውልድ ቀን ሳይገባ ፍለጋ አይጀመርም የሚል አሰራር ጨመርኩበት። ለራሴ ድካም መቀነሻ ነበር የሰራሁት፣ አለቃዬ (የድሮ የባንክ ሰው ናቸው) አይተውት "ይሄንንማ ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ፣ ከዛ በኋላ አዲስ ክላየንት ጋ ስንሄድ እሱን የማሳየው እኔ ሆንኩ።

ስሜ የወጣው ግን በሐምሌ 2016 ነው። ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀና ኤፍኤክስዲ/01/2024 የሚባለው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ወጣ፣ የባንኩ መመሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው የሚወጡት። ሁሉም ሰው ስለ ዶላር ዋጋ ሲያወራ እኔ ማታውን መመሪያውን አንብቤ ማንን ምን ይነካል የሚለውን በአማርኛ በሁለት ገጽ ጻፍኩ። አለቃዬ በኔ ስም ለክላየንቶች ላኩት። ቦርድ ላይ የሚቀመጡ፣ ቅርንጫፍ የሚመሩ ሰዎች በቀጥታ መደወል ጀመሩ፣ ጥቅምት 2017 ከባንክ ውጪ የሆኑ አምስት ምንዛሪ ቢሮዎች የመጀመሪያውን ፈቃድ ሲያገኙ ደግሞ ወደዚህ ዘርፍ መግባት የፈለጉ ሰዎች "ያችን ልጅ" እያሉ መጡ። ትንሽ ቤት ውስጥ ማዕረግ የለም፣ ሲኒየር ተባልክ ጁኒየር ለማንም ግድ አይሰጠውም፣ ስልኩ ለማን ይደወላል ነው ጨዋታው።

የደሞዝ ጭማሪ የጠየቅኩትም በዚሁ ነው። "ኑሮ ተወደደ" አላልኩም፣ ኑሮ ለሁሉም ነው የተወደደው። የትኛው ውል በኔ ስራ እንደታደሰ፣ የትኛው አዲስ በኔ በኩል እንደመጣ ጽፌ ይዤ ገባሁ፣ ከጭማሪው ጋር ካመጣሁት ውል ላይ ኮሚሽንና የሰርተፍኬት ፈተና ክፍያ ጠየቅኩ። የፈተናው ነገር ቀልድ አይደለም፣ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ከደሞዜ ብከፍል ኖሮ ጾም ማደሬ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ይሉኝታ ነው። ሪፖርት ላይ ግኝቶችን እንደ ክብደታቸው በቀለም እንለያለን፣ ቀይ ከባዱ ነው። አንድ ክላየንት ቡና ጋብዞኝ "እህቴ፣ ይቺን ቀይ ወደ ቢጫ አድርጊልን፣ ቦርዱ ያስጨንቀናል" አለኝ። አለቃዬ ያስተማሩኝ ዘዴ አለ፣ ቀለሙ አይነካም፣ ግን ከግኝቱ ጎን የማኔጅመንት መልስ የሚባል ዓምድ አለ፣ ማብራሪያቸውንና የሚያስተካክሉበትን ቀን እዛ ይጽፋሉ። ሰው አልተዋረደም፣ ሪፖርቱም አልተበላሸም። ስልጠና ላይም እንዲሁ ነው፣ ስለ አንድ ደንበኛ አጠራጣሪ ግብይት ሪፖርት መደረጉን ለራሱ መንገር በሕግ ክልክል ነው ስል አንዷ ገንዘብ ተቀባይ እጇን አውጥታ "ጎረቤቴ ከሆነስ? ነገ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን እኮ" አለች። አዳራሹ ሳቀ፣ ጥያቄው ግን የምር ነው። ያልኳት፣ አንቺ ለኮምፕላያንስ ኃላፊው ብቻ አሳውቂ፣ ለፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት (እንዲህ ያለውን ሪፖርት የሚቀበለው የመንግስት መስሪያ ቤት) የሚልከው እሱ ነው፣ ከዛ በኋላ ምን እንደተደረገ አንቺም አትጠይቂ፣ ካላወቅሽ ለቅሶ ላይም የምትደብቂው የለም።

መጥፎ ጎኑንም ልናገር፣ ኤችአር የለም፣ ስልጠና የሚሰጥህ የለም፣ ክላየንት ሲያዘገይ ደሞዝም ይዘገያል፣ ሂሳብ ለማስከፈል ራስህ ደጅ ትጠናለህ። ከሰኔ 30 በኋላ እስከ ጥቅምት ድረስ የክላየንቶቹ ፋይናንስ ሰዎች በዓመት መዝጊያና በግብር ተወጥረው ስለሚቆዩ አንድ ሰነድ ለማግኘት ልመና ነው። የተረጋጋ ነገር፣ የቤት ብድር፣ ምናምን የሚፈልግ ሰው ባንክ ይሻለዋል፣ ይሄን ስል ሙድ እየያዝኩ አይደለም። እኔንም ባንክ ጠርቶኝ ያውቃል፣ ያቀረቡልኝ ግን አንድ ዴስክ ላይ የአለርት ክለሳ (ሲስተሙ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ማጣራት) ብቻ ነበር፣ እዚህ ፖሊሲውንም ፋይሉንም ቦርዱንም አይቼ ስለለመድኩ አልሄድኩም።

አሁን ለሚጀምር ሰው አንብብ የምለው ይሄን ነው፦ ሰኔ 2017 ፓርላማው ያጸደቀው አዲሱ የገንዘብ እጥበት አዋጅ፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ 1248/2013፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016፣ ለውጭ ባንኮች በር የከፈተው የባንክ ስራ አዋጅ 1360/2017። የሰው ማጠቃለያ ላይ አትንጠልጠሉ፣ የኔም ጭምር። ነጋሪት ጋዜጣውን ስታነቡ ሁለቱንም ዓምድ እዩ፣ እንግሊዝኛውና አማርኛው የተለያየ ነገር ሲሉ አጋጥሞኛል፣ ያኔ የሚጸናው አማርኛው ነው።