የሞተር ሳይክል ኢንሹራንስ ስናወዳድር ከአረቦኑ ሌላ ምን እንይ?

የሞተር ሳይክል ኢንሹራንስ ለመግባት ከኩባንያ ኩባንያ የሚዞር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የት ይረክሳል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሞተር ገዝቶ ዕቃ በማድረስ ለሚተዳደር ወጣት የአንድ ዓመት አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ቀላል ወጪ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ በዚህ ሥራ ላይ ስለተሰማራ አብሬው እየዞርኩ ዋጋ ስንጠይቅና የውል ሰነዶችን ቁጭ ብለን ስናነብ የተረዳሁት ግን፣ አረቦንን ብቻ ይዞ ማወዳደር በአንደኛው የሽፋን ዓይነት ፋይዳ እንደሌለው፣ በሌላው ደግሞ አሳሳች እንደሆነ ነው።

ፋይዳ የለውም ያልኩት ተሽከርካሪው በሌላ ሰው ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሚሸፍነው በሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ባለሞተር ተሽከርካሪ ይህ ሽፋን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ የአረቦኑ ታሪፍም የሚወሰነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንጂ በኩባንያዎች ፉክክር አይደለም። ስለዚህ ወደ ኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሄዳችሁ ወይም ወደ አዋሽ፣ ወደ ኒያላ፣ ወደ ናይል ሄዳችሁ፣ ለዚህ አስገዳጅ ሽፋን ርካሽ ቤት ፍለጋ መዞሩ ድካም ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚያለያያቸው አገልግሎታቸው ነው፤ አደጋ ሲደርስ ማን ቶሎ ሰው ይልካል፣ የካሳ ክፍሉ በምትኖሩበት ከተማ ቅርንጫፍ ውስጥ ይሠራል ወይስ ለእያንዳንዱ ወረቀት ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ያመላልሳል የሚለውን እዚያው የከረሙ ሞተረኞችን መጠየቅ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ይልቅስ ብዙ ሰው የማያየው የዚህን ሽፋን ወሰን ነው። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው የካሳ መጠን ለአንድ ሰው ሞት ከ5,000 ብር ያላነሰና ከ40,000 ብር ያልበለጠ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ነበር። ወሰኑ በደንብ ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ በእጃችሁ ባለው ውል ላይ የሰፈረውን አኃዝ ማየት ያስፈልጋል። ቁም ነገሩ ግን ወሰን መኖሩ ነው፤ ከወሰኑ በላይ ያለው ዕዳ የሚወድቀው በሞተሩ ባለቤት ላይ ነው።

ይህ ዕዳ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሚያሳየው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ነው። አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። አንቀጽ 2084 ደግሞ ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ እንደሚቆጠርና፣ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ከጠቅላላው ጉዳት እኩሌታውን እያንዳንዱ ባለቤት እንደሚሸከም ይደነግጋል። አንድ ሞተር ከውድ የቤት መኪና ጋር ተጋጨ እንበል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ የሁለቱም ጥገና ተደምሮ 700,000 ብር ሆነ። የሞተሩ ባለቤት ድርሻ 350,000 ብር ነው። የኢንሹራንሱ የንብረት ወሰን 100,000 ብር ከሆነ ቀሪው 250,000 ብር ከኪሱ ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ለብዙዎች ሞተሩን ሸጠው የማይሸፍኑት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ማወዳደር ያለብን የመጀመሪያው ነገር ከሕጋዊው ወሰን በላይ የሚሄድ ተጨማሪ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን በስንት ብር እንደሚሰጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጭማሪ የራስን ሞተር ጉዳት ከሚሸፍነው ሙሉ ሽፋን ጋር ተያይዞ ይሸጣል፤ ለብቻውም የሚሰጡ አሉ። ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ካልተጠየቁ አያነሱትም፤ ዋጋው ግን ከሚሰጠው ጥበቃ አንጻር ሲታይ ከሌሎቹ ጭማሪዎች ሁሉ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ዋጋው ከኩባንያ ኩባንያ በእውነት የሚለያየው ሰዎች ሙሉ ኢንሹራንስ በሚሉት ሽፋን ላይ ነው። ይህ በራሱ በሞተሩ ላይ የሚደርሰውን ግጭት፣ መገልበጥ፣ ቃጠሎና ስርቆት የሚያካትት ሲሆን፣ አረቦኑ የሚሰላው ሞተሩ በተገመተበት ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። መቶኛው እንደ ሞተሩ ዕድሜ፣ እንደ አገልግሎቱና እንደ ባለቤቱ የአደጋ ታሪክ ይለያያል፤ ሞተርን በሙሉ ሽፋን ለመቀበል የሚያመነቱ ኩባንያዎችም አጋጥመውናል። አሳሳችነቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ አረቦኑ ያነሰው መቶኛው ስላነሰ ነው ወይስ የተገመተው ዋጋ ስላነሰ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሞተሩም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ነውና የሞተር ዋጋ አብሮ ወጣ። ከዚያ በፊት በተገዛበት ዋጋ ኢንሹራንስ ገብቶ በየዓመቱ ያንኑ ቁጥር የሚያድስ ሰው ሞተሩን ከዋጋው በታች እያስገባ ነው። በመድን አሠራር ከዋጋ በታች የገባ ንብረት ጉዳት ሲደርስበት ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ዛሬ 200,000 ብር የሚያወጣ ሞተር በ120,000 ብር ተገምቶ የገባ እንደሆነ የተሸፈነው ስድሳ በመቶው ብቻ ነው፤ 30,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ቢደርስ የሚከፈለው 18,000 ብር ነው፤ ያውም ባለቤቱ ከራሱ የሚሸፍነው ተቀናሽ ገና ሳይነሣለት። ብዙ ሰው «ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ካልወደመ ግምቱ አይነካኝም» ብሎ ያስባል፤ ነገር ግን የሚነካው ትንሹንም ጉዳት ነው። ስለዚህ ከተለያዩ ኩባንያዎች ዋጋ ስትጠይቁ ለሁሉም አንድ ዓይነት ግምት፣ እሱም የዛሬውን የገበያ ዋጋ፣ ስጡ፤ አለዚያ የምታወዳድሩት የተለያየ ነገር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ባለቤቱ በእያንዳንዱ አደጋ ከራሱ የሚሸፍነው ድርሻ፣ ሠራተኞቹ ኤክሰስ የሚሉት ተቀናሽ ነው። ይህ በመቶኛና «ከዚህ ያላነሰ» በሚል ዝቅተኛ መጠን ይቀመጣል፤ ለሞተር ወሳኙ ዝቅተኛው መጠን ነው። ምክንያቱም ከሞተር አደጋ አብዛኛው ትልቅ አይደለም፤ መስታወት ይሰበራል፣ የፊት መብራት ይወጣል፣ መሪ ይጣመማል፣ የፍሬን እጀታ ይቆረጣል። የአንዱ ኩባንያ አረቦን 6,000 ብር ሆኖ ተቀናሹ ከጉዳቱ አሥር በመቶ፣ ከ5,000 ብር ያላነሰ ነው እንበል፤ የሌላው አረቦን 7,500 ብር ሆኖ ተቀናሹ አምስት በመቶ፣ ከ2,000 ብር ያላነሰ ይሁን። 6,000 ብር የሚያስጠግን ጉዳት ሲደርስ የመጀመሪያው 1,000 ብር ይከፍላል፤ ሁለተኛው 4,000 ብር ይከፍላል። በአረቦን የተረፈችው 1,500 ብር በአንድ መውደቅ አልቃ ዕዳ ታስከትላለች ማለት ነው። ደግሞም በጥቃቅን ጉዳት ካሳ መጠየቅ ያለ አደጋ ለቆየ ሰው በእድሳት ጊዜ የሚሰጠውን ቅናሽ ሊያሳጣ ስለሚችል፣ ዝቅተኛው ተቀናሽ ከፍ ያለበት ውል ለሞተር ባለቤት አገልግሎት የሚሰጠው በትልቅ አደጋ ጊዜ ብቻ ነው።

ከተቀናሹ በተጨማሪ የእርጅና ቅናሽ አለ። ወንድሜ ሞተሩ ተመትቶ ባስጠገነ ጊዜ የገማቹን ወረቀት አይቼዋለሁ፤ ጋራዡ ያቀረበው ፕሮፎርማ በግራ በኩል ተዘርዝሮ፣ በቀኝ በኩል ከጎማ፣ ከፕላስቲክ መሸፈኛውና ከሰንሰለቱ ፊት ለፊት እያንዳንዱ ዕቃ ስላገለገለበት ጊዜ የተቀነሰው ሒሳብ ተጽፎ ነበር። የጉልበት ዋጋው ብቻ ሳይነካ ቀርቷል። አሠራሩ በውሉ ውስጥ ስለሰፈረ ሕገወጥ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ሲሸጥ ማንም አልነገረንም። አንዳንድ ኩባንያዎች ለተወሰነ ዕድሜ ያህል የእርጅና ቅናሽ ሳያደርጉ በአዲስ ዕቃ ይተካሉ፤ አንዳንዶች ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይቀንሳሉ። ይህንን ሳይጠይቁ መፈረም ተገቢ አይደለም።

ማመልከቻ ቅጹ ላይ «የአገልግሎት ዓይነት» የሚል ቦታ አለ። በግል የሚያዝ ሞተርና በክፍያ ዕቃ የሚያደርስ ሞተር አረቦናቸው አንድ አይደለም፤ ደሊቨሪ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚውል ይወደዳል። ለማርከስ ሲሉ «የግል» ብለው የሚያስሞሉ ሰዎች አሉ፤ ሻጩ ራሱ እንዲህ ብሎ ሲመክርም ሰምቻለሁ። ይህ ምክር ጎጂ ነው። አደጋው የደረሰው የደንበኛ ዕቃ ተጭኖ ሳለ ከሆነ፣ ኩባንያው ውሉ ውስጥ ያልተገለጸ አገልግሎት ነው ብሎ የሞተሩን ካሳ ለመከልከል በቂ ምክንያት ያገኛል። መንጃ ፈቃድም እንደዚሁ ነው፤ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ይዞ ሞተር የሚነዳ ሰው አደጋ ቢያደርስ ኩባንያው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከባለቤቱ ሊያስመልስ ይችላል።

ሌላው በአገራችን የተለመደ ችግር የሊብሬ ጉዳይ ነው። ብዙ ሞተር የሚሸጠው ስም ሳይዛወር በውክልና ነው። ገዢው በራሱ ስም ኢንሹራንስ ይገባል፤ ሊብሬው ግን በሻጩ ስም ነው። አረቦን ሲከፈል ይህ ችግር አይሆንም፤ ችግር የሚሆነው ሞተሩ ሲሰረቅና ካሳ የሚከፈለው ባለንብረት ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው። ስም ማዛወር ካልተቻለ ውክልናው ለኩባንያው ቀርቦ በውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል።

ስርቆትን ካነሣን፣ ለሞተር ባለቤት ከግጭት የማይተናነሰው ስጋት ይህ ነው፤ ኩባንያዎቹ በጣም የሚለያዩትም በዚሁ ሐረግ ነው። አንዱ ውል ሞተሩ ሌሊት በተዘጋ ግቢ ወይም ጥበቃ ባለበት ቦታ እንዲያድር ያስገድዳል፤ ሌላው ከመሪ ቁልፉ ሌላ ተጨማሪ ቁልፍ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ሞተሩ ጠቅላላ ሲጠፋ ብቻ እንጂ ባትሪው ወይም መስታወቱ ተፈትቶ ሲወሰድ የማይከፍልም አለ። ኤሌክትሪክ ሞተር ለገዛ ሰው ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከባድ ነው፤ ከሞተሩ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነውና። ስርቆት ሲያጋጥም ሁለቱንም ቁልፍ ማስረከብ ስለሚጠየቅ፣ ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ሁለተኛውን ቁልፍ ከሻጩ ሳትቀበሉ አትለያዩ። ከፖሊስ ማስረጃ በኋላ ኩባንያው ስንት ጊዜ ጠብቆ እንደሚከፍልም ጠይቁ፤ ሞተሩ የዕለት እንጀራው ለሆነ ሰው የጥበቃው ርዝመት ራሱ ወጪ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ሌላው ሰውና ስለ ሞተሩ ነው። ነጂው ራሱ ሦስተኛ ወገን አይደለም፤ ሙሉ ኢንሹራንስ የተባለውም «ሙሉ» የሆነው ለሞተሩ እንጂ ለእርሱ አይደለም። እግሩ ቢሰበር የሕክምናውን ወጪና ሥራ የፈታበትን ጊዜ የሚሸፍንለት ለብቻው የሚገዛ የግል አደጋ ኢንሹራንስ ነው። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው መከላከያው የራስ ቁሩ ብቻ በመሆኑ፣ በእኔ እምነት ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ከሞተሩ ሙሉ ሽፋን ይልቅ ይህንን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ይሁን እንጂ በብዙ የግል አደጋ ውሎች ውስጥ ከሽፋን ውጭ ከሚደረጉት ነገሮች ዝርዝር፣ ከተራራ መውጣትና ከመሰል አደገኛ ስፖርቶች ጎን፣ ሞተር ሳይክል መንዳት ተጽፎ ይገኛል። ወንድሜ መጀመሪያ የቀረበለት ውል ይኸው ሐረግ ነበረበት፤ ጠይቀን ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ ሞተር መንዳት በሽፋኑ ውስጥ መግባቱን የሚገልጽ የውል ማሻሻያ ታትሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተሰጠው። የቃል ማረጋገጫ በካሳ ጊዜ አይቀርብም፤ ያንን ወረቀት ከውሉ ጋር አያይዞ ቤት ያስቀምጣል፤ ቅጂው ደግሞ ከሊብሬው ቅጂ ጋር ቦርሳው ውስጥ አለ።