12 ያልኩት ዝናብ 9 ሰዓት ላይ መጣ

ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። አጎቴ ጅማ አጠገብ ካለችው መና ወረዳ ደወለልኝ። "ዛሬስ ሰማዩ ምን ይላል?" አለኝ። ስልኬን ከፍቼ አየሁ። "ጋሼ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ትንሽ ሊጥል ይችላል። እስከዚያ ግን አታስብ" አልኩት። እሱም አመነኝ። ሠራተኞቹን ምሳ ለቀቃቸው። ቡናው ማድረቂያ አልጋው ላይ እንደተሰጣ ቀረ።

9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከአጎቴ ድምፅ በፊት የሰማሁት ሴቶቹ "ቦካን ዱፌ! ቦካን ዱፌ!" እያሉ ሲጮሁ ነው። ዝናብ መጣ ማለታቸው ነው። ሸራ ሲጎተት ይሰማል። ሰው ይሯሯጣል። ከዚያ ዶፉ የመጋዘኑን ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ። አጎቴ አንድ ቃል ሳይናገር ዘጋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔ የአየር ሁኔታ ባለሙያ አይደለሁም። ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ሞባይል እጠግናለሁ። አጎቴ እሸት ቡና ይሰበስብና በአልጋ ላይ አድርቆ ጀንፈል፣ ማለት ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና፣ ያደርገዋል። ይሄ ሁለትና ሦስት ሳምንት ፀሐይ ይፈልጋል። ሥራው የሚበዛው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በደንቡ ይሄ በጋ ነው፤ ነገር ግን የጅማ ሰማይ ደንብ አያውቅም። የዝናቡ ወቅት ረጅም ነው፤ ጨረሰ ሲሉት ይመለሳል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ክፍል ከምሥራቁ በላይ ይሞቅና ምሥራቅ አፍሪካን በበልግም በክረምትም ባልሆነ ወቅት ያጥባታል። በ2019 እ.ኤ.አ. የሆነው እንደዚያ ነበር። "አንተ እንደሁ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነህ፣ እስቲ ዝናቡን እየልኝ" ያለኝ አጎቴ ነው። አጀማመሬ ይሄው ነው።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወስድ ሲለኝ ስልኬ ላይ ያለውን የትንበያ ሠንጠረዥ እንደገና ከፈትኩት። ዝናቡ 12 ላይ ተጽፏል። አልተሳሳትኩም። ግን ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል ሰዓቱ የግሪንዊች ነው ይላል። የግሪንዊች 12 ሰዓት እኛ ጋ ሦስት ተደምሮበት 15 ሰዓት ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት። ማለት ሞዴሉ፣ ትንበያውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ዝናቡን ለደቂቃ እንኳ አልሳተውም። የሳትኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ሽፋን ላይ በትልቁ "3 ቀንስ" ብዬ ጽፌአለሁ። ሁሉም የሚልህ 3 ደምር ነው። ያ ለፈረንጅ ሰዓት ነው። ወደ ሐበሻ ሰዓት ስትመልሰው ከግሪንዊቹ ላይ 3 ትቀንሳለህ። 6 ያለው ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ 15 ያለው ማታ 12 ሰዓት። ይቺን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ ተንባይ ነኝ ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ሌላው ያታለለኝ የስልክ ባሮሜትር ነው። አንዳንድ ስልክ ውስጥ የአየር ግፊት መለኪያ አለ። ደንበኛ ጥሎብኝ የሄደ አሮጌ ስልክ ላይ አገኘሁና ደስ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩት ሁሉ ግፊት ሲወርድ ዝናብ ይመጣል ይላል። እውነትም ከሰዓት በኋላ ግፊቱ መውረድ ጀመረ። "ሸፍኑ!" ብዬ ደወልኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በማግሥቱም ወረደ፣ ደወልኩ፣ ፀሐይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ስልክ ማንሳት ተወ።

ለካ እንደኛ ባለ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ጫፍ ይደርሳል። ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ይዘቅጣል። ዝናብ ኖረም አልኖረም። ያ ምክር የተጻፈው ትልልቅ ማዕበል ለሚያልፍባቸው ቀዝቃዛ አገሮች ነው። ስልኩን ለባለቤቱ መለስኩለት።

ከቀዝቃዛ አገር የመጣ ምክር ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ነው፣ መኪና ይነዳል። ክረምት ሲመጣ የሱ ጭንቀት በረዶ ነው። የኛ ፍሬ በረዶ አይደለም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደው። አንድ ቀን "ስንት ሴንቲ ይጥላል ሲሉ ሌላ፣ የኔ ሰፈር ሌላ" ብሎ ሲያማርር ወሬው ወደኔ ቡና ዞረ። እዚያ ሰዉ ለአንድ ማዕበል ስንት ነገር እንደሚያይ ያስረዳኝ እሱ ነው። አንድ ሚሊሜትር ውሃ በጥቅሉ አንድ ሴንቲሜትር በረዶ ይወጣዋል፤ ብርዱ ከበረታ በረዶው ይቀልና ከዚያም በላይ ይቆለላል። ንፋሱ ከምሥራቅ ከሆነ ተራራውን ተደግፎ ይወጣና ይጥልባቸዋል። ከምዕራብ ከሆነ ተራራውን ወርዶ ይደርቃል። ማለት አንድ ማዕበል በአንዱ ሰፈር ጉልበት ድረስ ሲከምር ሌላውን ዝም ብሎ ያልፋል።

ከሁሉ የጠቀመኝ አንድ ነገር ነው። የትንበያ ትምህርቶች 850 ሚሊባር የሚባለውን ካርታ እይ ይላሉ። ይሄ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ያለው አየር ነው። ዴንቨር ያለችው 1,609 ሜትር ላይ ስለሆነ ያ ካርታ ለነሱ መሬት ውስጥ ነው። እነሱ የሚያዩት 700 ሚሊባሩን ነው፣ 3,000 ሜትር አካባቢ። ስሰማ ሳቄ መጣ። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ለካ እኔ ወር ሙሉ ከቡናው አልጋ ሥር፣ ከአፈሩ ውስጥ ያለ "ንፋስ" ሳጠና ነበር! አሁን ጠዋት መጀመሪያ የማየው የ700ውን እርጥበት ነው። እዚያ ደረቅ ከሆነ ከሥር የሚነሳው ዳመና ብዙ አይቆምም። እርጥብ ከሆነ ተጠንቀቅ።

ሞዴሎቹንም ጠባያቸውን ለመድኩ። የአሜሪካው በነፃ የሚሰጠው ካርታ አገሩን 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይከፍለዋል። በሱ ዓይን ጅሬን ኮረብታና ቦዬ ረግረግ አንድ ቦታ ናቸው። ጅሬን ላይ ወጥቶ ከተማውን ያየ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ከዚያ ላይ ሆነህ ግማሹ ከተማ በዝናብ ሲጋረድ ግማሹ ፀሐይ ሲሞቅ ታያለህ። ደግሞ እንዲህ ያሉ ሞዴሎች በሐሩር አካባቢ ዝናቡን አስቀድመው ማውረድ ይቀናቸዋል። እኩለ ቀን ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከ9 ሰዓት ወዲያ ነው። የአውሮፓው አንዱን ቀን ትንሽ ትንሽ እየለወጠ 51 ጊዜ ያሰላዋል። እኔ ከ51ዱ ስንቱ እንደዘነበ እቆጥራለሁ። አሥሩ ከሆነ ከአምስት አንድ ጊዜ ይዘንባል ማለት ነው። ከ5 ሰዓት በኋላ ግን ሞዴሉን ዘግቼ በየ15 ደቂቃው የሚታደሰውን የሳተላይት ምስል አያለሁ። ከዚያ በጅማ ዙሪያ፣ ሰቃ ላለ ጓደኛዬና ሰርቦ ላለች እህቴ እደውላለሁ። "እናንተ ጋ እየጣለ ነው?" ከዚህ የበለጠ መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም።

ደብተር መያዝ የጀመርኩት ከዚያ የ9 ሰዓት ዶፍ በኋላ ነው። ጠዋት ያልኩትን እጽፋለሁ፣ ማታ የሆነውን። መጀመሪያ በራሴ ኮርቼ ነበር። ከ10 ቀን 8ቱን አገኘሁ አልኩ። የአጎቴ ጥበቃ፣ ሽማግሌ ሰውዬ ናቸው፣ ሳቁብኝ። "በበጋ በየቀኑ አይዘንብም የሚል ሰውም እኮ ከ10 ስምንቱን ያገኛል" አሉ። እውነታቸውን ነው። ደብተሩን ስቆጥረው በየቀኑ "አይዘንብም" ብል ኖሮ ከኔ አንድ ቀን ይበልጥ ልክ እሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው የዘነበባቸውን ቀኖች ብቻ ነው። ስንቱን ቀድሜ አየሁ? ስንት ጊዜስ በከንቱ አስሮጥኳቸው?

በነገራችን ላይ ጠዋት ጉም ከወፈረ ያ ቀን ይዘንባል የሚሉ አሉ። እኔ ደብተር ላይ የተጻፈው ተቃራኒው ነው። ጉሙ ሸለቆው ውስጥ የሚተኛው ሌሊቱ ጠርቶ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ነው። የጠራ ሌሊት ከላይ ደረቅ አየር አለ ማለት ነው። ሽማግሌው ግን የሚያዩት ጉሙን አይደለም። 5 ሰዓት ሳይሞላ ዳመናው እንደ ጎመን ራስ እየተደራረበ ከቆመ "ዛሬ አለቀልን" ይላሉ። በዚህ ብዙም አይሳሳቱም።

የዝናቡን መጠን በዱቄት ወተት ቆርቆሮ እለካለሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፣ ወደ ታች የሚጠብ ከሆነ ይዋሻል። መጀመሪያ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስቀምጬው 60 ሚሊሜትር አገኘሁና ተደናገጥኩ። የጣሪያው ውሃ ነበር። አሁን ሜዳው መሃል እንጨት ላይ ታስሯል፤ ማስመሪያ አስገብቼ አነባለሁ። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። የአጎቴ አንድ አልጋ 15 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቀን የወረደው 8 ሚሊሜትር ነበር። ይሄ 120 ሊትር ነው፤ ስድስት ጀሪካን ውሃ አንድ አልጋ ላይ መድፋት። ለአጎቴ ሚሊሜትር ስለው አይገባውም ነበር። ጀሪካን ስለው ፊቱ ተለወጠ።

ያኔ ነው ጥያቄው ራሱ እንደተሳሳተ የገባኝ። "ዛሬ ይዘንባል ወይ?" የሚለው ለአጎቴ አይጠቅመውም። ሸራ መሸፈንም ዋጋ አለው። ፀሐይ እያለ የተሸፈነ ቡና ያልበዋል፣ ይሞቃል፣ ሽታው ይለወጣል። ሠራተኞቹም ስምንት አልጋ ሸፍነው ሲገልጡ ማገላበጡ ይቀራል። ትናንት የገባ እሸት ትንሽ ካፊያ ቢነካው ያን ያህል አይጎዳም። ሊደርቅ ሁለት ቀን የቀረው፣ በእጅ ሲነካ መንኳኳት የጀመረው ጀንፈል እንደገና ከረጠበ ግን ይሻግታል፤ ገዢው ከሩቅ በአፍንጫው ያውቀዋል።

ስለዚህ ከአጎቴ ጋር ተስማማን። እኔ "ከ8 እስከ 11 ሰዓት፣ የመዝነቡ ዕድል ከአሥር ይሄን ያህል" እላለሁ። ከአሥር ሁለት ከሆነ የደረቁት አልጋዎች ሸራ ጎናቸው ይቀርባል፣ ሠራተኛ አይርቅም። ከአሥር ሦስት ከሆነ የደረቁት ይሸፈናሉ። እሸቱ ዕድሉ ከአሥር አምስት እስኪደርስ ፀሐዩን ይጠጣል። አጎቴ መጀመሪያ "ከአሥር ሦስት ምን ማለት ነው? ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?" ብሎ ተቆጥቶ ነበር። አሁን ራሱ "ዛሬ ከአሥር ስንት ነን?" ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ከአሥር ስድስት አልኩ። ሁሉም ተሸፈነ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ሰርቦ ግን መንገዱ ጎርፍ ሆኗል አለች እህቴ። ማታ አጎቴ ደወለ። ይቆጣል ብዬ ጆሮዬን ከስልኩ ትንሽ አራቅሁ። "ደብተርህ ላይ ጻፈው" አለኝና ዘጋው።