ምሩጽ በ1972 ምን አገኘ?

ሰሞኑን ስለ ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር የተጻፈ የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ ሳርም ነው የከረምኩት። ጽሑፉ ያለው ማንም ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያስተካክለው በሚችል የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ነው። አንደኛው አንቀጽ «በ1972 በኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «በ1972 በኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አጠለቀ» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም እውነት ነው።

ሙኒክ በፈረንጆቹ 1972 ነው፤ በእኛ 1964 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሞስኮ ደግሞ በፈረንጆቹ 1980፣ በእኛ 1972 ዓ.ም.። አንዱን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ሰው ቁጥሩን ከውጭ ገጽ እንዳለ ቀድቶታል፣ ሌላው በእኛው አቆጣጠር ጽፏል፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ያለ ግን የለም። በሁለቱ ውድድሮች መካከል ያለፉት ስምንት ዓመታት፣ አገራችን ያልተሳተፈችበት የሞንትሪያል ኦሎምፒክ፣ «ይሄ ሰውዬ አርጅቷል» የተባለበት ጊዜ፣ ሁሉም በአንዲት ቁጥር ተውጠው ቀሩ። የምሠራው እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ልጆቹ ስለ አንድ አትሌት ጽፋችሁ ኑ ሲባሉ ከስልካቸው ላይ ያገኙትን ቃል በቃል ይገለብጣሉ። ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ የተሳሳተ ነገር ደብተራቸው ላይም ይገባል። ይህን እያወቅሁ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በቀኖቹ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩ። የሙኒኩ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 1972)፣ የሞስኮው 10,000 ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 1980)፣ 5,000ው ሐምሌ 25። ብዙ ሰው ከፈረንጁ ዓመት ላይ ስምንት ቀንሶ ያልፋል። ሁልጊዜ አይሠራም። ምሩጽ ቶሮንቶ ውስጥ ያረፈው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 22 ቀን 2016 ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ስለሆነ የሚቀነሰው ሰባት ነው፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.። ስምንት የቀነሰ ሰው አንድ ዓመት አስቀድሞ ይገድለዋል። የሙኒኩ ሩጫ ራሱ ስምንት ቀን ቢዘገይ ኖሮ እንቁጣጣሽ ላይ ወድቆ 1965 ይባል ነበር።

ቀጥሎ ሰዓቶቹ። የሞስኮው 10,000 ሜትር «27:42:69» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሩጫ የማያውቅ ልጅ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ ብሎ ሊያነበው ይችላል። «27 ደቂቃ ከ42.69 ሰከንድ» ብዬ ዘርዝሬ ጻፍኩት። አንዳንዱ አንቀጽ ደግሞ በማሽን የተተረጎመ ይመስላል፤ «ይፍጠር ተፈትልኮ ወጣ» ይላል። ይፍጠር እኮ አባቱ ናቸው! የሮጠው ምሩጽ ነው። ይህንንም በየቦታው አስተካከልኩ።

ብዙ ያሰብኩበትና ከሌሎች አራሚዎች ጋርም የተከራከርኩበት የምስጋናው ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ከዳር እስከ ዳር «ጀግናው»፣ «ታላቁ»፣ «ተወዳዳሪ የሌለው»፣ «ዓለምን ያስደመመው» በሚሉ ቃላት የተሞላ ነበር። እኔም ምሩጽን ጀግና ነው እላለሁ፣ ከልቤ ነው የምለው። ግን እነዚህ ቃላት ለየትኛውም አትሌት ይሆናሉ። ስሙን አውጥተህ የሌላ ብታስገባ ምንም አይጎድልም። ምሩጽን ከሌላው የሚለየው የሮጠበት መንገድ ነው፣ እሱ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። «በአስደናቂ ሁኔታ አሸነፈ» ብሎ አልፎታል።

ስለዚህ ምስጋናውን አንስቼ ሩጫውን ጻፍኩ። የሞስኮው 10,000 ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው። ከኢትዮጵያ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ። እየተፈራረቁ ከፊት ይወጣሉ፣ ፍጥነቱን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረጉ ተከታዮቻቸውን ያደክማሉ። ከኋላቸው ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን አለ፤ በሙኒክም በሞንትሪያልም 5,000ውንና 10,000ውን ጠቅልሎ የወሰደ ሰው። 300 ሜትር ገደማ ሲቀር ምሩጽ ተፈተለከ፣ ማንም ሊከተለው አልቻለም። ሌላው ፊንላንዳዊ ካርሎ ማኒንካ በ27 ደቂቃ ከ44.28 ሁለተኛ፣ መሐመድ በ27 ደቂቃ ከ44.64 ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ፣ ቪረን አምስተኛ። በአምስተኛው ቀን ምሩጽ 5,000ውን በ13 ደቂቃ ከ20.91 ሰከንድ ደገመው፤ ታንዛኒያዊው ሱሌይማን ኒያምቡይ ሁለተኛ፣ ማኒንካ ሦስተኛ ሆኑ። «ማርሽ ቀያሪው» የሚለውን ግን አልነካሁትም። እሱ ስሙ ነው፤ ያንን 300 ሜትር ያነበበ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

«የዓለም ክብረ ወሰን በመስበር» የሚለውን አወጣሁ፣ እዚህ ላይ ከአንድ አራሚ ጋር ትንሽ ተቋሰልን። በሁለቱ ሩጫዎች የተሰበረ የዓለም ክብረ ወሰን የለም። የሁለቱም ርቀቶች ክብረ ወሰን ያኔ በኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እጅ ነበር፤ ሁለቱንም ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ 13 ደቂቃ ከ8.4 እና 27 ደቂቃ ከ22.47። ሮኖ ሞስኮ ላይ አልነበረም፣ ምክንያቱም ኬንያ ሶቭየት ኅብረት አፍጋኒስታን በመግባቷ የተነሳ አሜሪካ የመራችውን አድማ ተቀላቅላ ነበር። አራሚው «ይህን መጻፍ የምሩጽን ድል ያሳንሳል» አለኝ። አያሳንስም። ስለ ሞስኮ አድማ የምንጽፍ ከሆነ ስለ ሞንትሪያሉም እንጽፋለን። እ.ኤ.አ. በ1976 የአፍሪካ አገሮች ኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድኗን ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለላከች ከውድድሩ ወጡ፣ ምሩጽም እንደ ሌሎቹ ሳይሮጥ ቀረ። የሚቀጥለው ዓመት ዱሰልዶርፍ ላይ በአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ አፍሪካን ወክሎ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ዋንጫው ሞንትሪያል ላይ ሲደረግ፣ ያው ሳይሮጥባት የቀረባት ከተማ ማለት ነው፣ ሁለቱንም ደገማቸው። እነዚህ አራት ድሎች በድሮው ጽሑፍ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልነበራቸውም። ሰውየውን የሚያስከብረው ይህ ሁሉ በዝርዝር ሲጻፍ ነው።

ሽንፈቶቹም ተዘለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ደርሃም፣ ሰሜን ካሮላይና ላይ አፍሪካና አሜሪካ ሲገናኙ፣ ምሩጽ በ5,000 ሜትር የመጨረሻው ዙር መስሎት ተፈትልኮ ሄዶ አንድ ዙር ሲቀረው ቆመ፤ ስቲቭ ፕሪፎንቴን አሸነፈ። በ10,000ው ግን ፍራንክ ሾርተርን ቀደመው። ይህን ከጽሑፉ ማስቀረት ለማን ይጠቅማል? ዙር የተሳሳተ ወጣት ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ሞስኮ ላይ መቼ መነሳት እንዳለበት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሯጭ ሆነ። አሠልጣኙ ንጉሤ ሮባም ጽሑፉ ውስጥ ስማቸው አልነበረም፤ ጨመርኩት።

ሙኒክ ግን አስቸገረኝ። ምሩጽ እዚያ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ በ5,000ው ማጣሪያ ሳይሰለፍ ቀረ። ለምን የሚለው በየቦታው የተለያየ ነው። መጸዳጃ ቤት ቆይቶ ነው የሚል አለ፣ በር ተሳስቶ ነው የሚል አለ፣ ኃላፊዎቹ ሰዓቱን በትክክል አልነገሩትም የሚልም አለ።

ማታ ላይ፣ ሙቀቱ ቀዝቀዝ ሲል፣ የታረመውን ለጎረቤታችን አነበብኩላቸው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፣ በረንዳቸው ላይ ፍራሽ አንጥፈው ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አንዲት ስህተት አያልፍም። አራተኛ የወጣው ቶሎሳ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ጎሽ! ቶሎሳን አልረሳሽውም። ሰው ሁሉ እሱን ይረሳዋል።»

ሙኒክ ላይ ስደርስ ግን ተቆጡ። «የምን በተለያየ መንገድ ይነገራል ነው? ኃላፊዎቹ ናቸው ያስቀሩት! ያኔ ከተማው ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔም እርስዎን አምናለሁ። ግን ሰው የነገረኝን ብዬ ልጽፈው አልችልም። የታተመ ነገር ያስፈልገኛል፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችል።»

«የሰማነው ሁላችንም ነን፣ አቦ!»

«አውቃለሁ። የጻፈው ግን ጥቂት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያው እኛ ስናልፍ አብሮን ሊሄድ ነዋ» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሦስቱንም ወሬ እያንዳንዱን ከነምንጩ አስቀመጥኩ፣ አንዱንም እውነቱ ይህ ነው አላልኩም። ጋሼ አልተደሰቱም፤ ትክክል ነው ብዬ ግን አምናለሁ። ኃላፊዎቹ ጥፋተኞች ናቸው ብሎ መጻፍ ሰዎችን መክሰስ ነው፣ ክስ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል።

ዕድሜውም እንዲሁ ነው። አዲግራት አካባቢ መወለዱ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ልደቱን አብዛኛው መዝገብ ግንቦት 7 ቀን 1936 ዓ.ም. ይለዋል፣ በሞስኮ ጊዜ ግን ጋዜጠኞች እያንዳንዳቸው የተለያየ ዕድሜ ይሰጡት ነበር። ዶሮዬን ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም ብሎ መለሰላቸው ይባላል። ያስተላለፉት የውጭ ጋዜጠኞች ስለሆኑ በትእምርተ ጥቅስ አላስገባሁትም። ልደቱንም «በአብዛኞቹ መዛግብት መሠረት» ብዬ ጻፍኩት። ፎቶውን አንስቼዋለሁ፤ ከአንድ የዜና ድርጅት ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነበር።

አሁን የቀረኝ የመሐመድ ከድር ገጽ ነው። ሦስት መስመር ብቻ ናት። በሞስኮ ነሐስ ያገኘ፣ የምሩጽን ሩጫ አብሮ የሠራ ሰው ሦስት መስመር አይገባውም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ የድሬና የሐረር ልጆች፦ አባቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የሐምሌና የነሐሴ 1972 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ወይም ሌላ ጋዜጣ ካለ አትጣሉት። ገጹን ሙሉውን፣ ከላይ ያለው ቀንና የገጹ ቁጥር እንዲታይ አድርጋችሁ በስልካችሁ አንሱት። የተቆረጠ ቁራጭ ብቻ ከሆነ ቀኑ ስለማይታወቅ ለምንጭነት አይሆንም። የሙኒክ ጊዜ፣ የነሐሴና የጳጉሜን 1964 ዓ.ም. ከተገኘ ደግሞ መጀመሪያ የማነበው ለጋሼ ነው።