ብሉ እና ጉማሬው

ትናንት ማታ ከእህቴ ልጅ ጋር «ጁራሲክ ወርልድ» የተባለውን የዳይኖሰር ፊልም አየን። የ2015ቱን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አሰልጣኙ ኦውን እጁን ዘርግቶ ራፕተሮቹን፣ አዳኞቹን ዳይኖሰሮች፣ የሚያስቆምበት ቦታ ላይ ልጁ «ጋሼ፣ ለምን አይበሉትም?» አለኝ። «ከትንሽነታቸው ስላሳደጋቸው ነዋ» አልኩት። ቆየት ብሎ እነሱው ከትልቁ ዳይኖሰር ጋር ተነጋግረው ሰዎቹ ላይ ዞሩ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ፤ የዋሸሁት መስሎታል።

(እውነተኛው ቬሎሲራፕተር ላባ ያለው ነበር፤ ወገቡም ከሰው ጉልበት ብዙ አይዘልም። ፊልሙ ነው ያገዘፈው።)

እኔ የምወደው ኦውን ከአንዷ ራፕተር፣ ከብሉ፣ ራስ ላይ የታሰረውን ካሜራ የሚፈታበትን ቦታ ነው። ትእዛዝ የለ፣ ጩኸት የለ። ዝም ብሎ ፈታላት።

ዛሬ አመሻሽ ላይ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት ይዤው ሄድኩ። አንድ አባት የደንገል ታንኳቸውን እንዲደርቅ አቁመውታል፤ ውሃው ገና ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ ስለ ጉማሬ ጠየቃቸው።

«እሱ የሚወጣበትን ሰዓት እኔ አውቃለሁ። እኔ የማልፍበትን እሱ ያውቃል።»

«ነክተውት ያውቃሉ?»

ሳቁ። «አብደሃል እንዴ ልጄ!»

ጉማሬ እንኳን ሣር በል ነው። ግን ታንኳ ሲገለብጥ ምን እንደሚበላ ማን ይጠይቀዋል?

ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ውሻ ተኝቷል። የኛ ኦውን እጁን ዘርግቶ ቀረበው። ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጥ አደረገ። እኔ የልጁን ኮሌታ ያዝኩ።