የሚጾም ተማሪ ሌሊት

ረመዳን በየካቲት መጨረሻ ሲውል ባህር ዳር ላይ ጾሙ 13 ሰዓት ያህል ነው፤ ከሌሊቱ 11፡30 ገደማ እስከ ምሽቱ 12፡30። ጤነኛ ወጣት ይህን ያህል ሳይበላ መዋል አያቅተውም። ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው፣ ራሱን የሚያዞረው፣ ጨጓራውን የሚያነደው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊቱ አያያዝ የተነሳ ነው።

እንቅልፉን እናስላው። ተራዊህ (የረመዳን የማታ ሶላት) ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። 4 ሰዓት ላይ የተኛ ተማሪ ለሱሁር (ከጾም በፊት ለሚበላው የሌሊት ምግብ) 10፡30 ቢነሳ ስድስት ሰዓት ተኩል አገኘ፤ ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ሸለብ ቢያደርገው ይበቃዋል። ግን ከተራዊህ መልስ ቡና ይፈላል። ካፌይኑ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ አለ። እናም “እስከ ሱሁር ላጥና” ይባላል፣ ሱብሂ (የንጋት ሶላት) ተሰግዶ ይተኛል፣ የ2 ሰዓቱ ክላስ ያልፋል። ጫት ከተጨመረበትማ እንቅልፉም የምግብ ፍላጎቱም ይጠፋል። ቡና ግድ ከሆነ እንዳፈጠሩ አንድ ስኒ ይጠጣ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታትም ብዙ ጊዜ የቡና ሱስ ነው፤ ረመዳን ሳይገባ በፊት ባለው ሳምንት ከሦስት ስኒ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ የወረደ ሰው ይቀልለዋል።

ምግቡ ላይ ትልቁ ስህተት ፌስታሉ ነው። ከካፌ ከቀኑ 11፡30 ላይ የተቀበሉትን እንጀራ በሽሮ ግማሹን ለሱሁር ማስቀመጥ ማለት ወጡን 11 ሰዓት ማቆየት ነው። በባህር ዳር ሙቀት ይበላሻል፣ ተቅማጥ ያመጣል፤ ቀን ውሃ ለማይጠጣ ሰው ደግሞ ተቅማጥ ቀልድ አይደለም። የደብረ ማርቆስ ብርድም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ወጡ በማፍጠሪያ ይበላ፣ ለሱሁር ደረቁ ይቀመጥ። እዚህ ላይ የጎጃም ልጅ እድለኛ ነው፤ ከቤት የተላከለት በሶ አይጠፋም። ግማሽ ብርጭቆ በሶ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ከጎኑ አንድ ሙዝ፤ እሳት አያስፈልገውም፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብም። በጨውና በሚጥሚጣ የታሸ ጭብጦ ግን ከረፋዱ ጀምሮ ያስጠማል።

ሲያፈጥሩ ሦስት ተምርና ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ከዚያ ሶላት፣ ከዚያ ሾርባና እንጀራ። በባዶ ሆድ ሳምቡሳ መደራረብ ቃር ነው ትርፉ። ውሃው ስምንት ብርጭቆ ያህል ሆኖ ይከፋፈል፤ ሱሁር ላይ አንድ ሊትር በአንድ ትንፋሽ የገለበጠ ሰው ብዙውን ቶሎ ይሸናዋል።

በ2017 ረመዳንና ሁዳዴ በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። እንዲህ ሲገጥም በጎጃም ምግብ ቤቶች የሚገኘው በአብዛኛው የጾም ነውና ምስር፣ ሽሮና ፉል ሳይሰለቹ መብላት፣ ከተቻለም እንቁላል መጨመር ነው።

ኢንሱሊን የሚወስድ፣ የጨጓራ ቁስለት ያለበት፣ በቀን ሦስት ጊዜ መድኃኒት የታዘዘለት ተማሪ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም ያማክር። የሦስት ጊዜውን በራሱ ፈቃድ ማታ ላይ ማጠፍ አደገኛ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳር ልኬቱ ከ70 mg/dL በታች ከወረደ፣ ለመግሪብ (ለማፍጠሪያው ሰዓት) አሥር ደቂቃ ቢቀረውም ያፍጥር። የቁርኣን አል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 184 እና 185 ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲተካ ፈቅደዋል። በወር አበባ ምክንያት ቀዳ (የሚተካ ጾም) ያለባቸው ሴት ተማሪዎች ቀኑ አጠር በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢያወጡት ይቀላል፤ የፈተና ሳምንት ብቻ አይሁን።