አራት ጣት ፕላስተር

ሥራችን የሰው ቤት ባዶ ማድረግ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ሰው ሲሞት ወይም ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲገባ ቤተሰቡ ይደውልልናል። እኛም ከጓዳ እስከ ቤዝመንት ያለውን ዕቃ አውጥተን የሚሸጠውን፣ የሚሰጠውንና የሚጣለውን እንለያለን። አራት ሆነን ነው የምንሠራው፤ ሁለታችን ሐበሾች ነን። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው በሥራው አሥራ አምስት ዓመት የቆዩት፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው። ስለ ወረቀት ያስተማሩኝ ደንብ አጭር ነበር፦ «ፎቶ፣ ደብዳቤና ሰነድ ለቤተሰብ፤ የቀረው ወደ ገንዳ።»

ያን ቀን የገባንበት ቤት ባለቤት ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ያረፉ አዛውንት ነበሩ። ልጃቸው፣ እሳቸውም ስድሳን የተሻገሩ ሴት፣ ፎቅ ላይ ልብስ ይለያሉ። እኔ ቤዝመንቱን እያራገፍኩ ነው። ከውሃ ማሞቂያው ራቅ ብሎ፣ ጥግ ላይ፣ እርጥበት እንዳያገኘው በጡብ ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ የእንጨት ሳጥን አገኘሁ። በላዩ ብርድ ልብስ ተደርቦበታል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው የአሮጌ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

ከላይ ያለው መጽሔት ሽፋን አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ጀግና ሱፐርማን ቆሟል፤ ክንዱ ላይ ንስር አርፏል፤ ከኋላው የአሜሪካ ባንዲራ ቀለማት ያሉት ትልቅ ጋሻ አለ። ቁጥር 14 ይላል፤ ዋጋው 10 ሳንቲም። የመጀመሪያውን ገጽ ስገልጥ የሕፃን እጅ በእርሳስ ስሙን ጽፎበታል፤ ፊደሎቹ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ናቸው። ከሥሩ ሌሎች ሃያ ሁለት መጽሔቶች ተደርድረዋል።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ቆምክ?» አሉ ጋሼ ከደረጃው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩት።»

መጡና አዩት። «የልጆች መጽሔት ነው። ገንዳው ውስጥ ጨምረው።»

አልጨመርኩትም። የእርሳሱ ጽሑፍ ነው የያዘኝ። ለሴትዮዋ ላሳያቸው አልኩ። ግን ከማሳየቴ በፊት የመጽሔቱ ጀርባ ከታች በኩል አራት ጣት ያህል ተሰንጥቆ አየሁ። እንዲህ ሆኖ ከምሰጣቸው ላስተካክለው ብዬ ካርቶን የምናሽግበትን ፕላስተር ከቀበቶዬ አወጣሁ፤ ስንጥቁን ገጥሜ፣ አየር እንዳይገባበት በአውራ ጣቴ ደጋግሜ እየዳመጥኩ ለጠፍኩት። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ሳጥኑ ግርጌ ላይ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ያናወጠ ነገር ወጣ። መኪና አንስቶ ድንጋይ ላይ የሚያጋጭ ሱፐርማን ያለበት፣ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1። አሜሪካዊው ባልደረባችን ሲያየው ጮኸ። ሱፐርማን መጀመሪያ የታየበት ነው፣ ሚሊዮኖች ያወጣል አለ። ጋሼ ሳይቀሩ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ተጠጉ። ሴትዮዋ ወርደው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም ሥራ አልሠራም።

በሦስተኛው ቀን ዋጋ ገማች መጣ። ገና ከመቀመጡ ያን መጽሔት አነሳ፣ ማስመሪያ ዘረጋበት፣ ወዲያው አስቀመጠው። «ይቅርታ፣ ይህ እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመ ቅጂ ነው» አለ። የዱሮው መጽሔት ስፋቱ ከስምንት ኢንች አያልፍም፤ ይኸኛው አሥር ነው። ሲታተም ቅጂ መሆኑን የሚናገር ወፍራም ሽፋን ነበረው፤ ሽፋኑ ሲነሳ ውስጡ፣ ማስታወቂያው ሳይቀር፣ እንደ ዋናው ነው። በዚህ ብዙ ሰው ተታሏል። ሴትዮዋ ግን አልከፋቸውም። ልጅ ሳሉ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ያነበቡላቸው ይኼንኑ እንደነበር ትዝ አላቸው፤ አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

ገማቹ የቀሩትን አንድ በአንድ አየ። አያያዙ ደስ ይል ነበር። እጁን ታጥቦ አደረቀ፤ መጽሔቱን በመዳፉ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሙሉ በሙሉ አይከፍተውም፤ ገጾቹን ይቆጥራል፤ ልጆች የቆረጡት ኩፖን ካለ ብሎ ከኋላ በኩል ያያል። መሃል ላይ የሚይዙት ሁለት ሽቦዎች ዝገው እንደሆነ ይመረምራል። ከዚያ ቁጥር 14 ላይ ደረሰ፤ ገልበጥ አድርጎ ወደ መብራቱ አስጠጋው።

«ይህ ፕላስተር አዲስ ነው» አለ። «ማን ነው የለጠፈው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

አልተቆጣም። ፕላስተሩን ልልጠው እጄን ስዘረጋ ግን እጄን ያዘኝ። ከተላጠ የሽፋኑን ቀለም ይዞ ይመጣል። ካልተላጠ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ እየገባ ቢጫ ያደርገዋል፣ እንደ ቅባት ያሳልፋል። እንደነበረ ቢተው ኖሮ ስንጥቁ ዕድሜ ያመጣው ጉዳት ብቻ ይሆን ነበር፤ ይጠገን ቢባልም ሙያው ያለው ሰው በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ይሠራዋል። መጽሔቶች ከ0.5 እስከ 10 በሚሄድ መለኪያ ደረጃ ይወጣላቸዋል፤ የአንድ ነጥብ ልዩነት ብዙ ገንዘብ ነው። ያቺ አራት ጣት ፕላስተር ያጠፋችው ከሁለት ሳምንት ደመወዜ ይበልጥ ነበር።

ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ። ገማቹ ፊቴን አይቶ መሰለኝ አንድ ታሪክ አወራኝ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ሰው በአሥር ሺህ ዶላር አካባቢ የገዛውን አሮጌ ቤት ሲያድስ፣ በግድግዳው መሃል ብርድ እንዲከላከል ከተጠቀጠቀው ወረቀት ውስጥ እውነተኛውን «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ያገኛል። የሚስቱ ዘመድ ስታየው ትነጥቀዋለች፤ እሱ መልሶ ሲይዝ የኋላ ሽፋኑ ይቀደዳል። በ175,000 ዶላር ተሸጠ። የሸጠው ነጋዴ እንዳለው ያ ቅዳድ ብቻ 75,000 ዶላር ያህል አሳጥቷል።

ለምን ይህን ያህል ብርቅ እንደሆኑ የጠየቅኩት ያን ጊዜ ነው። ቁጥር 1 በ1938 ሲወጣ ወደ 200,000 ኮፒ ታትሟል፤ ዛሬ የተረፈው መቶ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ማንም ለማስቀመጥ አልገዛውማ! ልጅ ጠቅልሎ ኪሱ ይከተዋል፣ ከጓደኛው ጋር ይለዋወጠዋል፣ ሲያድግ እናቱ ትጥለዋለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ለጦርነቱ የሚሆን ወረቀት ከየቤቱ ስትሰበስብ ልጆቹ ራሳቸው መጽሔታቸውን በጋሪ እየጎተቱ አስረከቡ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ልጆችን ያባልጋል ተብሎ በየከተማው የተቃጠለ አለ። የተረፈውንም ከተፈጨ እንጨት የተሠራው ርካሽ ወረቀት በውስጡ ባለው አሲድ ራሱን ያቃጥለዋል፤ ይጠቁራል፣ ይፈረፈራል። ይህን ስሰማ እኛ ሰፈር ቆሎ የሚጠቀለልበት የደብተር ወረቀት ትዝ አለኝ። ስንቱ ልጅ የጻፈውን ቆሎ እየበላን ጥለናል።

ብርቅ መሆን ብቻውን ግን ዋጋ አያመጣም። በሳጥኑ ውስጥ የሚናገሩ እንስሳት ያሉባቸው መጽሔቶችም ነበሩ፤ እነሱም የዚያው ዘመን ናቸው፣ የሚፈልጋቸው ግን ጥቂት ነው። ሰው የሚሻው ጀግናው መጀመሪያ የታየበትን ነው፤ ሱፐርማንን በ1938፣ ባትማንን በ1939። ሱፐርማንን የፈጠሩት ሁለት የክሊቭላንድ ወጣቶች፣ ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር፣ መብቱን በ130 ዶላር ነበር የሸጡት። ያው «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1፣ አንድ ኮፒው ብቻ፣ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2025 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሦስት ወንድማማቾች በእናታቸው ቤት ጣሪያ ሥር፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር በካርቶን ያገኙት፣ በራሱ በጀግናው ስም የወጣው መጽሔት፣ «ሱፐርማን» ቁጥር 1፣ በጨረታ 9 ሚሊዮን ዶላር አልፏል። ይህን ዜና ያነበብኩት የምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንደዚያ ዓይነት ካርቶን ስንቴ ተሸክሜ ገንዳ ውስጥ ገልብጫለሁ?

አለቃችን ኪሳራውን ከደመወዜ ሊቆርጠው ፈልጎ ነበር። ሴትዮዋ ደውለው አስቆሙት። ለእኔም እንዲህ አሉኝ፦ «የአባቴ የልጅነት ጽሑፍ ገንዳ ውስጥ ሊገባ ነበር። አንተ አነሳኸው።» እንዲህ ቢሉኝም ፕላስተሩን የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ስንገባ ቦርሳዬ ውስጥ ጠንካራ ካርቶንና ንጹሕ የፕላስቲክ ከረጢት እይዛለሁ። ያረጀ ወረቀት ሳገኝ እጄን እታጠባለሁ፣ ባለበት ፎቶ አነሳዋለሁ፣ ለቤተሰቡ እነግራለሁ፤ አላጸዳውም፣ አልጠግነውም። ለአለቃችንም ወረቀት የሚጣለው ሁለት ሰው ካየው በኋላ ብቻ ይሁን ብዬ ነገርኩት፤ ተስማማ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ጋሼ የመጽሔት ካርቶን ተሸክመው ወደ ውጭ ሲወጡ አየኋቸው። ገንዳው አጠገብ ቆሙ። ካርቶኑን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡና ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ፦

«ልጄ! ይኼን አይተኸዋል?»